ስምንት ወር በማታ ሠርቼ ዕዳዬ ለምን አልቀነሰም?

የማታ ብዕር (ጠያቂ)፦

የተከበራችሁ ተሳታፊዎች፣ የሌሎችን ጥያቄና መልስ ሳነብ ከርሜ ዛሬ የራሴን ይዤ ቀርቤአለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል በሳምንት 40 ሰዓት የምሠራ ቋሚ ሠራተኛ ስሆን፣ ሦስት ዕዳዎች አሉብኝ። አንደኛው ከአበዳሪ ተቋም የወሰድኩት 200,000 ነው፤ ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ሆኖ በየወሩ በቀሪው ዕዳ ላይ ይታሰባል፤ በ48 ወር እንዲያልቅም በየወሩ 6,520 ከጥቂት ሳንቲም ከደመወዜ እከፍላለሁ። ሁለተኛው የቤት ዕቃ በዱቤ ስገዛ የገባሁበት ሲሆን፣ አሁን 18,000 ላይ ይገኛል፤ በወር 3 በመቶ እየታሰበበት 900 እከፍልበታለሁ። ሦስተኛው ከአጎቴ የተበደርኩት 30,000 ነው፤ ወለድም ቀነ ገደብም የለውም። የገንዘቡን ዓይነት ሆን ብዬ አልጠቀስኩም፤ አንባቢ የየራሱን ይተካበት።

ከስምንት ወር በፊት በማታ የሰነድ ትርጉም መሥራት ጀመርኩ። ሥራው የሚሠራው በደንበኛዬ ቢሮ ነው፤ በሥራ ቀናት ሦስት ሦስት ሰዓት፣ ቅዳሜ አምስት ሰዓት፣ በድምሩ በሳምንት 20 ሰዓት መሆኑ ነው። መመላለሻው ደግሞ በቀን አንድ ሰዓት ይፈጃል። በወር 7,000 ያህል አገኛለሁ፤ ከዚህም 3,000ውን ያለማቋረጥ፣ ከመደበኛው ክፍያ በላይ፣ ለአበዳሪው ተቋም ሳስገባ ቆይቻለሁ። በስምንት ወር 24,000 ማለት ነው።

ባለፈው ሳምንት የሒሳብ መግለጫ ስጠይቅ ቀሪው ዋና ዕዳ 178,368 ነው የሚል ወረቀት ተሰጠኝ። ወረቀቱን እንደያዝኩ የሕንፃው ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። የስምንት ወር እንቅልፌ የት ገባ? እሑድንም ልጨምርበት ወይስ ጨርሶ ልተወው? የምታውቁትን ብትነግሩኝ ውለታችሁን አልረሳም።

ተጠራጣሪ፦

ቅር እንዳይሰኙብኝ እንጂ ጥያቄው የተነሣው ከተሳሳተ ጫፍ ይመስለኛል። በዓመት 24 በመቶ የሚያድግ ዕዳ ምንም ሳይከፈልበት ቢቀመጥ በሦስት ዓመት እጥፍ ይሆናል፤ 72ን ለወለዱ መጠን ቢያካፍሉት የእጥፉን ዘመን ያገኙታል። እንዲህ ካለው ጋር በማታ ሥራ እሽቅድምድም መግባት ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። መጀመሪያ ወለዱን የሚያቀልልዎ ሌላ አበዳሪ ይፈልጉ፣ የማይጠቀሙበትን ዕቃ ይሽጡ፣ ወጪዎን ይቁረጡ። ገቢ መጨመር የመጨረሻው በር ነው።

ቁጥር ይናገር፦

ተጠራጣሪ ያነሡት ነጥብ ለብቻው ልክ ነው፤ ነገር ግን የጠያቂው ችግር ሌላ ነው፤ ምናልባትም ከሚመስለው የቀለለ ነው። እባክዎ የተሰጠዎትን ቁጥር አብረን እንመርምረው።

በመጀመሪያው ወር የ200,000 ወለድ በ2 በመቶ 4,000 ነው። ከከፈሉት 6,520 ላይ ይህ ሲነሣ ዋናውን ዕዳ የቀነሰው 2,520 ብቻ ነው። በየወሩ ወለዱ እያነሰ፣ ዋናውን የሚቀንሰው ድርሻም እያደገ ሲሄድ፣ በስምንት ወር ውስጥ ከዋናው ላይ የሚነሣው 21,632 ይሆናል። ይህን ከ200,000 ላይ ቢቀንሱ የሚያገኙት 178,368 ነው። ወረቀትዎ ላይ ያለው ቁጥር ይኸው ነው።

የዚህ ትርጉሙ ግልጽ ነው። መግለጫው የሚያሳየው አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር መደበኛ ክፍያውን ብቻ የከፈለን ሰው ነው። የእርስዎ 24,000 ወደ ተቋሙ ገብቷል፣ ዕዳውን ግን አልነካውም። በየወሩ ዋናው ላይ ቢውል ኖሮ ዛሬ ቀሪዎ ወደ 152,600 ይሆን ነበር። ስለዚህ አንድ ነገር እጠይቅዎታለሁ፤ በወረቀቱ ላይ ከቀሪው ዕዳ ውጭ ሌላ ቁጥር አለ? ከግርጌው ይመልከቱ።

የማታ ብዕር፦

አለ! ከታች በትንንሽ ፊደል «ቀድሞ የተከፈለ፦ 24,000» ይላል። እውነቱን ልናገርና፣ የምስጋና ነገር መስሎኝ አልፌዋለሁ። አሁን ሳስበው ባለፉት ወራት በስልኬ «በዚህ ወር የሚፈለግብዎ ክፍያ የለም» የሚል መልእክት ይደርሰኝ ነበር፤ የእነርሱ ስሕተት ነው ብዬ መክፈሌን ቀጠልኩ።

ቁጥር ይናገር፦

እንግዲያው ነገሩ ተገኘ። አበዳሪው ትርፉን ገንዘብ የተቀበለው እንደ መጪ ወራት ክፍያ ነው። በእርስዎ አሳብ ዕዳ ቀንሰዋል፤ በእነርሱ መዝገብ ግን የሚቀጥሉትን ሦስት ወር ተኩል ያህል ቀድመው ከፍለዋል፣ ወለዱም ምንም እንዳልተከፈለ ሆኖ መቁጠሩን ቀጥሏል። ብዙ አበዳሪዎች ተበዳሪው በጽሑፍ ካልጠየቀ በቀር እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ በውሉም ላይ ብዙ ጊዜ ተጽፎ ይገኛል።

ስለዚህ ነገ ጠዋት አጭር ደብዳቤ ይጻፉ። በደብዳቤው ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ አንደኛ፣ ቀድሞ የተከፈለ ተብሎ የተያዘው 24,000 ለዋና ዕዳ ቅነሳ እንዲውል፣ ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ከወርሃዊው ክፍያ በላይ የሚገባው ሁሉ በገባበት ዕለት ዋናውን እንዲቀንስ። ከዚያ በፊት ግን ውልዎን አውጥተው ዕዳን ከጊዜው አስቀድሞ በመክፈል የሚጣል ክፍያ እንዳለ ይመልከቱ፤ አንዳንድ ውሎች ላይ አለ፣ ካለም ከሚቆጥቡት ወለድ ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ተስፋ እንዳይቆርጡ ደግሞ ይህን ልብ ይበሉ። 6,520 ከፍለው ዋናው የሚቀንሰው በ2,520 ከሆነ፣ 3,000 የጨመሩ ዕለት ቅነሳው 5,520 ይሆናል። ክፍያዎ ከግማሽ ባነሰ አድጎ ሳለ ዕዳው የሚወርድበት ፍጥነት ከእጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በዚህ ቢሄዱ 48ቱ ወር ወደ 28 ያጥር፣ በጠቅላላ የሚከፍሉት ወለድም በ51,000 ያህል ያንስ ነበር። ተጨማሪ ገቢ ዋጋ የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን ስሌት ሠርተው ያዩት አይመስለኝም።

ተጠራጣሪ፦

ነገሩ ወደ እኔ መሆኑ ገብቶኛል። ስሌቱን ተቀብያለሁ፤ ይሁን እንጂ ወጪ ቁረጡ ያልኩትን አላነሣም።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ልውጣ። እኔ 100,000 በ10 በመቶ ለሁለት ዓመት ተበድሬአለሁ፤ በወር የምከፍለው 5,000 ነው። ከጠያቂው ጋር ሲነጻጸር የእኔ በጣም ርካሽ ስለሆነ ተጨማሪ ሥራ ባልፈልግ ይሻላል?

ቁጥር ይናገር፦

ርካሽነቱን አይመኑት። የእርስዎ ወለድ የታሰበው ዕዳው እየቀነሰ ቢሄድም ባይሄድም በመነሻው 100,000 ላይ ነው፤ 10,000 በዓመት፣ ለሁለት ዓመት 20,000፣ ጠቅላላው 120,000 ለ24 ወር ሲካፈል 5,000። በመጨረሻዎቹ ወራት በእጅዎ የቀረው የእነርሱ ገንዘብ ጥቂት ሺህ ብቻ ሆኖ ሳለ የ100,000 ወለድ ይከፍላሉ። ይህ ብድር ጠያቂው እንዳለበት በቀሪው ዕዳ ላይ ብቻ የሚታሰብ ቢሆን ኖሮ ተመኑ በዓመት 18 በመቶ ገደማ ይሆን ነበር። በእንዲህ ያለው ውል ደግሞ ቀድሞ መክፈል ወለዱን ላይቀንስ ይችላል፤ ስለዚህ ተጨማሪ ሥራ ከመጀመርዎ በፊት አበዳሪውን «ዛሬ ጠቅልዬ ብከፍል ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። የሚሰጡዎት መልስ ከየትኛውም ምክር ይበልጣል።

ነፃ ተርጓሚ፦

ለ12 ዓመት የኖርኩት በዚሁ በትርጉም ሥራ ስለሆነ በገቢው በኩል ያለውን ልናገር። የጠያቂውን ሰዓት ቆጠርኩት። በሳምንት 20 ሰዓት በወር 87 ያህል ሰዓት ነው፤ መመላለሻው በሳምንት ስድስት ሰዓት፣ በወር 26። በድምሩ 113 ሰዓት። 7,000ን ለ113 ቢያካፍሉት በሰዓት 62 ያህል ይደርስዎታል። ለዕዳው የደረሰው ግን 3,000 ብቻ ስለሆነ ከዕዳ አንጻር የአንድ ሰዓትዎ ዋጋ 26 ከጥቂት ነው። ስለዚህ እሑድን መጨመር ከማሰብዎ በፊት ያ 4,000 የት እንደሚሄድ ማወቅ አለብዎት።

ሌላው፣ የትርጉም ሥራ በሰዓት ሳይሆን በገጽ ነው የሚሸጠው። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ሥራው በፈጠነለት መጠን የሚያጣ ሰው ነው፤ የቃላት ዝርዝሩን አጠናቅሮ፣ ተመሳሳይ ሰነዶችን አስቀምጦ በግማሽ ጊዜ ሲጨርስ ክፍያውም በግማሽ ይወርድበታል። ለደንበኛዎ በገጽ እንዲከፈልዎ፣ ሥራውንም ከቤት ሠርተው እንዲልኩ ይጠይቁ። ምስጢራዊ ሰነድ ካለ እርሱን ብቻ ቢሮ ሄደው ይሥሩ። ለአዲስ ደንበኛ ከሆነ ደግሞ ግማሹን ሳይቀበሉ አይጀምሩ፤ ክፍያው ላልገባ ሥራ በልብዎ ዕዳ መቀነስ ላም አለኝ በሰማይ ነው። እኔ አንድ ጊዜ 140 ገጽ አስረክቤ ገንዘቡን ያገኘሁት ከ11 ወር በኋላ ነበር፤ በዚያ መካከል ግን የራሴን ክፍያ አሳልፌ መቀጫ ከፍያለሁ።

የማታ ብዕር፦

የጠየቁኝን አደረግሁ። የአንድ ሳምንት ወጪዬን ጽፌ በወር ስመነዝረው እንዲህ ሆነ፤ ለመጓጓዣ 1,100፣ ማታ ከውጭ ለምገዛው ምግብ 1,300፣ ለስልክና ለኢንተርኔት 400። የቀረው 1,200 ስም የለውም። «ይህን ያህል ደክሜ ይህን እንኳ ለራሴ አላደርግም?» እያልኩ የገዛሁት ነው። የማታው ገቢና ደመወዜ የሚገቡት በአንድ የባንክ ሒሳብ ስለሆነ የትኛው የትኛውን እንደበላ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም።

ከዕዳ የወጣ፦

እንኳን ጻፉት። እኔም ያሳለፍኩት ይኸንኑ ነበርና ያወጣኝን ልንገርዎ፤ ብልሃቱ አንድ ብቻ ነው። የጎን ሥራው ገንዘብ የሚገባበት ሌላ ሒሳብ ከፈትኩ፤ ካርድ አላወጣሁለትም፣ በስልኬም አላገናኘሁትም። ክፍያ በገባ ማግስት ጠዋት፣ ወደ ሥራ ስሄድ፣ ባንኩ ገብቼ ሥራው ራሱ የጠየቀውን ወጪ ብቻ ለይቼ ቀሪውን በሙሉ ለዕዳው አዛውራለሁ። ወር እስኪያልቅ ብጠብቅ ኖሮ የሚተርፍ ነገር አይኖርም ነበር። ደመወዜን ከዕዳ በፊት እንደነበረው ኖርኩበት፤ የጎን ገቢውን ግን በዓይኔ እንጂ በእጄ አላየሁትም።

የመጋዘን ሰው፦

ሁላችሁም ስለ ገንዘቡ ጻፋችሁ፤ ስለ ሰውየው ወይም ስለ ሴትዮዋ ግን ማንም አላነሣም። በቀን መጋዘን ተቆጣጣሪ ሆኜ፣ በሌሊት ደግሞ ጥበቃ ሆኜ ለ14 ወር ሠርቻለሁ። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ 140 ካርቶን የነበረውን ርክክብ 1,400 ብዬ መዘገብኩ። ስጽፈው ዓይኔ ተከፍቶ ነበር፤ ፊርማዬም ቀጥ ያለ ነው። ስሕተቱ የተገኘው ከሦስት ሳምንት በኋላ በቆጠራ ጊዜ ሲሆን፣ ስርቆት አለመሆኑን ለማስረዳት የፈጀብኝ ጊዜ ዕድሜዬን ያሳጠረው ይመስለኛል። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፣ የዓመቱ ጭማሪዬም ቀረ። ያ ጭማሪ ሲሰላ ከአምስት ወር የጥበቃ ደመወዜ ይበልጥ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ጤና ድርጅትና ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በጋራ ባወጡት ግምት፣ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ መሥራት ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራ ሰው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝን ዕድል በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ቧንቧ በሽታ የመሞትን ዕድል ደግሞ በ17 በመቶ ከፍ ከማድረግ ጋር ተያይዟል። ጠያቂው መንገዱን ሳይጨምሩ 60 ሰዓት ላይ ናቸው። ለአንድ ሁለት ወር ይቻላል፤ ቀሪው 40 ወር ነው እኮ። ስለዚህ እሑድ አይነካ፤ ይልቁን ቅዳሜም ይቅር እላለሁ።

[ይህ ምላሽ በአወያዩ ተነሥቷል።]

አወያይ፦

ከላይ የነበረው ጽሑፍ «በቀን አንድ ሰዓት በስልክዎ ብቻ» የሚል ሆኖ መጀመሪያ የመመዝገቢያ ገንዘብ እንዲላክ የሚጠይቅ ነበር። ሥራ የሚሰጥ ሰው ለሠራተኛው ይከፍላል እንጂ ከሠራተኛው አይቀበልም። ዕዳ ያለበት ሰው ዋና ዒላማቸው ስለሆነ እንዲህ ያለ መልእክት በግል የደረሳችሁ ካላችሁ አሳውቁኝ።

ሚዛን፦

ወደ ዕዳዎቹ ቅደም ተከተል ልመለስ። ጠያቂው ትርፉን ሁሉ ወደ ትልቁ ብድር ሲወረውሩ የከረሙት ትልቅ ስለሆነ ይመስለኛል፤ መጠኑ ያስፈራልና። ነገር ግን ዱቤው በወር 3 በመቶ ሲጨምር ትልቁ ብድር የሚጨምረው 2 በመቶ ነው። ከሚከፍሉት 900 ውስጥ 540ው የወለድ ነው። ስለዚህ ተጨማሪው ገንዘብ መጀመሪያ መሄድ የነበረበት ወደ ዱቤው ነው።

ከዕዳ የወጣ፦

ከወለዱ ይልቅ መጠኑ ትንሽ ከሆነው መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ። አንድ ዕዳ ሲዘጋ ሰው ልብ ይገዛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በዕዳ አከፋፈል የሚያግዝ ድርጅት ደንበኞችን መዝገብ የተከታተለ ጥናትም፣ ዕዳዎቻቸውን አንድ በአንድ የዘጉ ሰዎች የገንዘቡ መጠን ምንም ይሁን ምን እስከ መጨረሻው የመዝለቅ ዕድላቸው ከፍ ያለ እንደነበር አሳይቷል።

ሚዛን፦

ክርክሩ ዘላለማዊ ነው፤ በጠያቂው ጉዳይ ላይ ግን ዕድል ሆኖ አያስፈልገንም። ትንሹም ውዱም ያው ዱቤው ነው። 900 ላይ 3,000 ተጨምሮ 3,900 ቢከፈልበት በአምስት ወር ገደማ ይዘጋል፤ የተለቀቀው 3,900 በሙሉ ወደ ትልቁ ይዞራል።

አንድ ነገር ልጨምር። አበዳሪው 24,000ውን ወደ ዋናው ማዛወር አይቻልም ቢል፣ ገንዘቡ ተኝቶ አይቅር። ሦስት ወር ተኩል የሚሆን ክፍያ ቀድሞ ተከፍሏል ካሉ ለሦስት ወር አይክፈሉ፤ ከደመወዝ የሚተርፈው 19,560 ዱቤውን ለመዝጋት ይበቃል። ይህ ግን የሁለተኛ ደረጃ ምርጫ ነው፤ ዋናው ላይ ማዋሉ በስሌት ይበልጣል። ክፍያ ከማቆምዎ በፊትም በጽሑፍ ያረጋግጡ፣ አለበለዚያ መቀጫ ይመጣል።

የሦስት ልጆች እናት፦

ስለ አጎቱ ማንም ስላላነሣ እኔ ላንሣ። ወለድ የለውም ተብሎ መጨረሻ ላይ የሚቀመጥ የዘመድ ዕዳ ወለዱ በሌላ መንገድ ነው የሚከፈለው። እኔ ለታላቅ እህቴ ለሁለት ዓመት ምንም ሳልከፍል ስቆይ፣ እርስዋ አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም፤ ስልኳን ማንሣት የተውኩት ግን እኔ ነኝ። አዲስ ልብስ ለብሼ በተገናኘን ቁጥር ዓይኗ ልብሱ ላይ ያረፈ ይመስለኝ ነበር። በመጨረሻ ሄጄ ያለብኝን ሁሉ በወረቀት ዘርግቼ አሳየኋት፣ የእርሷ ተራ መቼ እንደሚደርስም ነገርኳት። እስከዚያው በየወሩ ጥቂት እሰጣት ነበር፤ መጠኑ ከቁም ነገር የሚገባ አልነበረም፣ ነገር ግን የወሩ መጀመሪያ ሲደርስ መደወል ቻልኩ። ለአጎትዎ ይንገሩ። ገንዘቡን ቢፈልጉት እንኳ አፍረው ላይጠይቁ ይችላሉ።

ግብር ከፋይ፦

ሁለት አጫጭር ነጥቦች። በብዙ አገሮች የጎን ገቢ ከደመወዝ ጋር ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል፤ ደመወዙ ዝቅተኛውን እርከን ስለያዘው የጎን ገቢው የሚያርፈው በላይኛው ላይ ነው። ስለዚህ ከየክፍያው ላይ የግብሩ ድርሻ ሳይነሣ ለዕዳ መላክ ሌላ ዕዳ መፍጠር ነው፤ የመጓጓዣውንና የኢንተርኔቱን ደረሰኝ ይያዙ፣ ሕጉ በሚፈቅድበት ቦታ ተቀናሽ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የቅጥር ውልዎ የውጭ ሥራን ይከለክል ወይም ያስፈቅድ እንደሆነ ያንብቡ። በዋናው መሥሪያ ቤትዎ የትርፍ ሰዓት ሥራ ካለም አስቀድመው እርሱን ይጠይቁ፤ እ.ኤ.አ. የ1919 የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የመጀመሪያው ስምምነት እንኳ ለኢንዱስትሪ ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከመደበኛው ከ1.25 እጥፍ እንዳያንስ ይደነግጋል፣ ብዙ አገሮችም ከዚያ ከፍ አድርገውታል። መመላለሻም አይጠይቅም።

የማታ ብዕር፦

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። መጀመሪያ የጻፈልኝ ሰው ሁሉ ይመስገን።

ደብዳቤውን በማግስቱ አስገባሁ። በውሌ ላይ ቀድሞ የመክፈል ቅጣት የለም። የተቀበለችኝ ሠራተኛ አንብባ «ይህን ማንም አይጠይቅም» አለች፤ ቅሬታ ይሁን አድናቆት አልለየሁትም። ወደ ኋላ ተመልሰው በየወሩ እንደገባ አድርገው ሊያስቡልኝ አልፈቀዱም፤ 24,000ው በደብዳቤዬ ቀን ከዋናው ላይ ተነሥቶ ቀሪው 154,368 ሆነ። ባለማወቄ ያጣሁት ወለድ 1,750 ያህል ነው። እንዳሰብኩት ብዙ አይደለም፤ 40 ወር ሳላውቅ ብቀጥል ኖሮ ግን የሚሆነውን ማሰብ አልፈለግሁም።

በመሥሪያ ቤቴ የትርፍ ሰዓት ሥራ የለም። ለትርጉሙ ግን የጽሑፍ ፈቃድ ጠይቄ ተሰጠኝ፤ ደንበኛዬም በገጽ መክፈልን ከአንድ ሳምንት ማንገራገር በኋላ ተቀበለ። አሁን ከቤት፣ በሳምንት አራት ማታ ሦስት ሦስት ሰዓት እሠራለሁ። ቅዳሜ ቀርቷል። በመጀመሪያው ሙሉ ወር 52 ሰዓት ሠርቼ ያገኘሁት 5,800 ሲሆን፣ የግብሩን ድርሻና የኢንተርኔቱን ለይቼ 4,500ው በቀጥታ ወደ ዱቤው ሄደ። በፊት 113 ሰዓት ፈጅቼ ለዕዳ የማደርሰው 3,000 ነበር። ከደመወዜ ከምከፍለው 900 ጋር ተደምሮ ዱቤው ወደ 13,140 ወርዷል፤ በዚህ ከሄደ በአራተኛው ወር ይዘጋል።

ለአጎቴም ነገርኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ አየውና «የእኔን ከሁሉ በታች አድርገኸዋል» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ካየሁት ቆይቼ ነበር።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ዋናው ከቀነሰ በኋላ ያቺው ሠራተኛ «ወርሃዊ ክፍያህን ወደ 5,643 ላወርድልህ እችላለሁ፤ ትንሽ ትተነፍሳለህ» አለችኝ። እሺ ልል አፌን ከፍቼ ነበር፤ ከዚያ ግን እዚህ ሳልጠይቅ አልፈርምም ብዬ ተመለስኩ።

ቁጥር ይናገር፦

ባይፈርሙ ጥሩ አደረጉ። ክፍያው ከወረደ ጊዜው ባለበት 40 ወር ይቀራል። ክፍያው 6,520 ላይ እንዳለ ከቀጠለ ግን ምንም ሳይጨምሩ በ33ኛው ወር ያልቃል፤ ዱቤው ሲዘጋ የሚለቀቀው ሲዞርበት ደግሞ ከዚያም ያጥራል። «ክፍያው ባለበት ሆኖ ጊዜው ይጠርልኝ» ብለው ይጻፉ። የመጋዘን ሰው የሚሉትን ግን እኔም እላለሁ፤ ከደመወዝዎ ላይ 6,520 መክፈሉ ራሱ እየከበደዎት ከሆነ ዝቅ ማድረጉ ነውር የለውም፣ ልዩነቱን በሚችሉበት ወር ራስዎ ይጨምሩበታል። እየከበደዎት ነው?

የማታ ብዕር፦

አይደለም። 6,520ውን ለምጄዋለሁ። ነገ በምሳ ሰዓት ሄጄ ባለበት ይቀጥል እላለሁ።

ቁጥር ይናገር፦

አዲሱን የክፍያ ሰሌዳ ሳይቀበሉ እንዳይወጡ። የመጨረሻው ክፍያ ቀን ላይ 33ኛው ወር መጻፉን ይዩ፤ ተጨማሪ በሚያስገቡበትም ጊዜ ደረሰኙ ላይ «ለዋና ዕዳ ቅነሳ» የሚለው ይጻፍ።

የማታ ብዕር፦

ሄጄ ተመለስኩ። ሰሌዳው በእጄ ነው፤ 33 ረድፍ አለው፣ የመጨረሻው ረድፍ ክፍያ ከሌሎቹ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ከጠረጴዛዬ በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ።